ከ1270 ጀምሩ፦ የኢትዮጵያን የመካከለኛ ዘመን ታሪክ መማር ለሚፈልግ ጀማሪ

የመጀመሪያ ሙከራዬ ገጽ 40 ላይ ነው የሞተው። አንድ ወፍራም የታሪክ መጽሐፍ ከአሮጌ መጽሐፍ ሻጭ ገዛሁ። ደብተርና እስክሪብቶ ይዤ፣ ቡናዬን አስቀርቤ ተቀመጥኩ። ሐሳቤ ከአክሱም መዳከም ተነስቼ በተራ ማንበብ ነበር። ገጽ 40 ላይ ስደርስ ግን ሁሉም ነገር ተደበላለቀብኝ። አንዱ ንጉሥ ሁለት ስም አለው። አንዱ ዓመት በሦስት ዓይነት ተጽፏል። ዳሞት የሚባለውን አገር እኔ ከማውቀው ቦታ አጣሁት። መጽሐፉ ወደ መደርደሪያ ተመለሰ፤ ሁለት ዓመት አቧራ ጠጣ።

ጥፋቱ የመጽሐፉ አልነበረም። 900 ዓመት በአንድ ጉርሻ ልውጥ ማለቴ ነው ጥፋቱ። ሁለተኛ ጊዜ ስጀምር አንድ ዓመት ብቻ መረጥኩ፤ 1270። ጥያቄዬም ሁለት ብቻ ነበር። ያን ዓመት ምን ሆነ? የሆነውንስ ማን ነገረን? ከዚያ ክሩ ራሱ እየተተረተረ ወደፊትም ወደኋላም ወሰደኝ። እዚህ የምጽፍላችሁ ያንን መንገድ ነው። ካልተናገርኩ በቀር ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው፤ ለምን እንደሆነ ትንሽ ቆይቶ ይገባችኋል።

1. አጥንቱን በአንድ ገጽ ጻፉ

መጀመሪያ ስሙን እናጥራ። «መካከለኛው ዘመን» የሚለው አጠራር ከእኛ አልመጣም። የጣሊያን ምሁራን በጥንቷ ሮምና በራሳቸው ዘመን መካከል ያለውን ጊዜ ለመጥራት ያመጡት ነው። አውሮፓውያን ብዙውን ጊዜ ከ476 እስከ 1453 ይቆጥሩታል። እነዚህ ሁለት ዓመቶች ላስታ ውስጥም ይፋት ውስጥም የለወጡት ነገር የለም። እኛ ጋ ብዙ ጸሐፊዎች ቃሉን ከአክሱም መዳከም አንስቶ እስከ 16ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ላለው ጊዜ ይጠቀሙበታል። ዳር ድንበሩ ላይ ክርክር አለ። ለጊዜው ክርክሩን ለባለሙያዎቹ ተዉላቸው።

አንድ ወረቀት ውሰዱና እነዚህን ብቻ ጻፉ።

- 7ኛው ክፍለ ዘመን ገደማ፦ አክሱም ሳንቲም ማውጣት አቆመች። ከዚያ በኋላ የመጡት የደጋው ነገሥታት ሳንቲም አልነበራቸውም፤ ገበያው በአሞሌና በዓይነት ይሠራ ነበር።
- 10ኛው ክፍለ ዘመን፦ እኛ ዮዲት ጉዲት የምንላት ንግሥት። ኢብን ሐውቀል የተባለ ዐረብ ጂኦግራፈር በዚያው ዘመን የሐበሻን አገር አንዲት ሴት ንጉሡን ገድላ እንደያዘች ጽፏል።
- 12ኛው ክፍለ ዘመን፦ የዛጉዌ ነገሥታት በላስታ።
- 1270፦ ይኩኖ አምላክ።
- 1314–1344፦ ዐምደ ጽዮን።
- 1434–1468፦ ዘርአ ያዕቆብ።
- 1520፦ የፖርቱጋል መልእክተኞች መጡ።
- 1529፦ የሽምብራ ኩሬ ጦርነት።
- 1543፦ የወይና ደጋ ጦርነት፤ ግራኝ የምንላቸው የአዳሉ ኢማም አሕመድ ሞቱ።

ይበቃል። የነገሥታት ዝርዝር መሸምደድ አያስፈልግም። እኔ አንድ ሰሞን ሸምድጄ ነበር፤ ሳምንት ሳይቆይ ጠፋ። ወረቀቱን የምታዩበት ቦታ ለጥፉት፤ አዲስ ነገር ባነበባችሁ ቁጥር «ይሄ የቱ ጋ ይገባል?» በሉ።

2. ከዘመን ቆጠራ ጋር ታረቁ

ብዙ ጀማሪ የሚሸሸው እዚህ ጋ ይመስለኛል። አንዱ መጽሐፍ ይኩኖ አምላክ በ1262 ነገሠ ይላል፤ ሌላው 1263፣ ሦስተኛው 1270። በዓመተ ዓለም (ከዓለም መፈጠር ጀምሮ) ያሰላ ሰው ደግሞ 6762 ይላችኋል። ሰዎቹ አልተጣሉም። የሚቆጥሩበት መነሻ ነው የተለያየው።

ሒሳቡ ቀላል ነው። ከአውሮፓውያኑ ወደ እኛ ስትመጡ፣ ነገሩ የሆነው ከጃንዋሪ እስከ እኛ ዘመን መለወጫ ባለው ጊዜ ከሆነ 8 ቀንሱ። ከዘመን መለወጫ እስከ ዲሴምበር መጨረሻ ከሆነ 7 ቀንሱ። ወሩ ካልታወቀ ሁለቱንም ጻፉ፤ 1262/63 የሚመጣው ከዚህ ነው። በዓመተ ዓለም ከሆነ 5500 ቀንሱ። የግብፅ ክርስቲያኖች በሚቆጥሩበት በዓመተ ሰማዕታት ከሆነ 276 ደምሩ። አንዲት ትንሽ ወጥመድም አለች። በዚያ ዘመን አውሮፓም የምትጠቀመው በአሮጌው የዩልዮስ አቆጣጠር ስለነበር መስከረም 1 የሚውለው ኦገስት 29 ላይ ነበር እንጂ ሴፕቴምበር 11 ላይ አልነበረም።

አሁን እኔን ሙሉ ቅዳሜ ያሳበደችኝን ቁጥር ላሳያችሁ። የነገሥታቱን ዘር ከንጉሥ ሰሎሞን የሚያስቆጥረው መጽሐፍ፣ ክብረ ነገሥት፣ መጨረሻው ላይ የተርጓሚዎቹ ማስታወሻ አለው። መጽሐፉ ከቅብጥ ወደ ዐረብኛ የተመለሰው በ409 ዓመተ ምሕረት፣ በንጉሥ ገብረ መስቀል ላሊበላ ዘመን ነው ይላል። 409 ዓ.ም.? ላሊበላ የኖረው በ12ኛውና በ13ኛው ክፍለ ዘመን ነው። 800 ዓመት ወዴት ሄደ? መጀመሪያ የኅትመት ስህተት መሰለኝ።

መልሱ ያለው ባሕረ ሐሳብ፣ ማለትም የቤተክርስቲያን የዘመን ቆጠራ ትምህርት፣ ውስጥ ነው። በቤተክርስቲያን ቀመር 532 ዓመት አንድ ዙር ነው፤ ዐቢይ ቀመር ይባላል። የጥንት ጸሐፊዎች «ዓመተ ምሕረት» ሲሉ እንደ ዛሬው ሁልጊዜ ከክርስቶስ ልደት መቁጠራቸው አልነበረም። አንዳንዴ የሚቆጥሩት ዙሩ ከጀመረ ወዲህ ያለውን ብቻ ነው፤ እኛ «በ66ቱ አብዮት» እንደምንለው ማለት ነው፤ መቶውንና ሺውን ሰሚው ያውቀዋል። እዚህ ዙሩ የተነሳው ከዓመተ ሰማዕታት ነው። ስለዚህ 409 ላይ ያለፈውን አንድ ዙር 532 ደምሩ፤ 941 ዓመተ ሰማዕታት ይመጣል። በዚያ ላይ 276 ሲጨመር 1217 በእኛ፣ 1225 ገደማ በአውሮፓውያን። ላሊበላ ዘመን ላይ ቁጭ አለ! እስክሪብቶ አንሱና ራሳችሁ ሥሩት። አንዴ በእጃችሁ ከሠራችሁት ሁለተኛ ቁጥር አያስፈራችሁም። ስለ ባሕረ ሐሳብ በአማርኛ ማንበብ ለሚሻ የጌታቸው ኃይሌ መጽሐፍ አለ፤ የታሪክ ማስታወሻም ስላለበት በአንድ ድንጋይ ሁለት ወፍ ነው።

ከዚያ በኋላ አንድ አቆጣጠር ምረጡና ደብተራችሁን በሙሉ በእሱ ያዙ። እኔ እ.ኤ.አ.ን የመረጥኩት የተሻለ ስለሆነ አይደለም። የግብፅን፣ የየመንንና የፖርቱጋልን ጽሑፍ ጎን ለጎን ማንበብ ስላለብኝ ነው።

3. የዛሬውን ካርታ እርሱት

ባዶ ካርታ ፈልጉ፤ ተራራና ወንዝ ብቻ ያለበት፣ የክልል መስመር የሌለበት። ላስታን፣ አንጎትን፣ ቤተ አምሐራን (የዛሬው ደቡብ ወሎ አካባቢ)፣ ሸዋን፣ ይፋትን፣ ፈጠጋርን፣ ደዋሮን፣ ባሌን፣ ሐዲያን ጻፉበት። ከዚያ ከዘይላ ወደብ ወደ ደጋው የሚወጣውን የንግድ መንገድ በእርሳስ አስምሩ። ይፋት ያለችው መንገዱ ወደ ደጋ ሊወጣ ሲል ነው። ዐምደ ጽዮን ከይፋቱ ገዥ ከሰብረዲን ጋር ለምን ተዋጋ የሚለው ጥያቄ ግማሹ እዚች መስመር ላይ ይመለሳል።

ዳሞትን ያጣሁትም ለዚህ ነበር። እኔ ስፈልግ የነበረው ጎጃም ውስጥ ነው። የመካከለኛው ዘመን ዳሞት ግን ከዓባይ በስተደቡብ ነበር። ስሙ ኋላ ከሰዎቹ ጋር ወንዙን ተሻገረ። የቦታ ስም እግር አለው፤ ይሄዳል። ስለዚህ የቆየ ጽሑፍ ላይ የምታውቁት ስም ሲገጥማችሁ ቶሎ «አውቀዋለሁ» አትበሉ።

ዋና ከተማም አትፈልጉ። ነገሥታቱ አብዛኛውን ጊዜ በድንኳን ነው የኖሩት፤ ከቦታ ቦታ ይጓዙ ነበር። «ከተማ» የሚለው ቃላችን ራሱ መነሻው የንጉሡ ሰፈር፣ የጦር ሰፈር ነው። ዘርአ ያዕቆብ ደብረ ብርሃን ላይ ዓመታት መቀመጡ ዜና መዋዕሉ ላይ እንደ ትልቅ ነገር የተጻፈው ነገሩ ያልተለመደ ስለነበር ነው።

4. በአንድ ዓመት ላይ ቁጭ በሉ

እንግዲህ ወደ 1270። ሁሉም የሚስማማበት ጥቂት ነው። የዛጉዌ አገዛዝ አበቃ፤ ከቤተ አምሐራ የተነሳው ይኩኖ አምላክ ነገሠ። የመጨረሻው የዛጉዌ ንጉሥ ጋይንት ውስጥ በቂርቆስ ቤተክርስቲያን እንደተገደለ ይነገራል። ስሙ ማን ነው ብላችሁ ስትፈልጉ ግን በአንዳንድ ጽሑፎች «ዘኢልመክኑን» ተብሎ ታገኙታላችሁ፤ የማይታወቀው፣ የተሰወረው እንደማለት። ብዙ ተመራማሪዎች ይትባረክ የተባለው ንጉሥ እንደሆነ ያምናሉ። አስቡት፤ የአንድ ንጉሥ ስም እንዳይጠራ ተደርጎ ሊሆን ይችላል። አሸናፊ ታሪክ ሲጽፍ እንዲህም ያደርጋል።

ቀጥሎ ያለውን ጥያቄ ሁላችንም ልጅ ሆነን የሰማነው ነው። ይኩኖ አምላክን ለመንግሥት ያበቃው ማን ነው? አብዛኛው ሰው «አቡነ ተክለ ሃይማኖት» ይላል፤ የመንግሥቱን ሲሶ ለቤተክርስቲያን ያሰጡበትን ታሪክም ይጨምራል። ወደ ሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ወግ ስትሄዱ ግን ይህን ሥራ የሠሩት አባ ኢየሱስ ሞዓ ናቸው። ሁለት ታላላቅ ገዳማት፣ አንድ ንጉሥ።

ደብተራችሁን ለሁለት ክፈሉና በየወጉ ሥር ሦስት ጥያቄ ጻፉ። ማን ጻፈው? ነገሩ ከሆነ ከስንት ዓመት በኋላ? ይህ ታሪክ እውነት ቢባል ማን ይጠቀማል? ስትሠሩት የምታዩት ሁለቱም ወጎች ከ1270 በጣም ዘግይተው እንደተጻፉ ነው። በተጻፉበት ጊዜ ገዳማቱ በቤተ መንግሥት ስላላቸው ክብርና ስለ መሬታቸው የሚከራከሩበት ምክንያት ነበራቸው። ይህ ማለት አባቶች ዋሹ ማለት አይደለም፤ እንዲህ ያለ ድምዳሜ ላይ መዝለል የጀማሪ በሽታ ነው። ጽሑፉ ስለ 1270 ከሚነግረን ይልቅ ስለተጻፈበት ዘመን የሚነግረን ይበልጣል ማለት ነው።

ሦስተኛ ምስክር አለን፤ ከውጭ። ይኩኖ አምላክ በነገሠ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ለግብፁ ሱልጣን ለባይባርስ በየመን በኩል ደብዳቤ ላከ። የፈለገው ጳጳስ ነው። የኢትዮጵያ አቡን እስከ 20ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ድረስ ከእስክንድርያ ነበር የሚመጣው፤ ግብፅ ደግሞ በእስላም ሱልጣኖች እጅ ነበረች። ስለዚህ አዲስ ንጉሥ ጳጳስ ቢፈልግ ሱልጣን መለመን ነበረበት። የደብዳቤውን ነገር ያቆዩልን የግብፅ ጸሐፊዎች ናቸው። ስለ ገዳማቱ ክርክር ምንም አያውቁም፤ ግድም የላቸውም። ለዚህ ነው ምስክርነታቸው የሚጠቅመን።

አሁን ወደ ክብረ ነገሥቱ ማስታወሻ ተመለሱ። ተርጓሚው መጽሐፉ በዛጉዌ ዘመን ወደ ግእዝ ያልተተረጎመበትን ምክንያት ይናገራል፤ እስራኤላዊ ሳይሆኑ የሚነግሡ ሕግ አፍራሾች ናቸው ስለሚል ነው። ማለትም መጽሐፉ ዛጉዌዎችን ወራሪ ያደርጋቸዋል። በግእዝ የተጻፈው ደግሞ በ14ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ፣ የይኩኖ አምላክ ዘሮች በያዙበት ጊዜ ነው። ሥራው ይስሐቅ በተባለ ሰው የሚመራ ነበር፤ ራሱን «ድሃው ይስሐቅ» ይላል። ሥራውን የደገፈው ሹም ያዕቢከ እግዚእ ይባላል፤ የእንደርታ ገዥ። እና ይህ ሰው ኋላ በማን ላይ አመፀ? በዐምደ ጽዮን! የሰሎሞንን ዘር ከፍ ያደረገው መጽሐፍ ከአማፂ ቤት ወጣ። እዚህ ጋ ስደርስ ነው ታሪክ ከመርማሪ ልብወለድ የማያንስ መሆኑ የገባኝ።

ለዚህ ዘመን አንድ ጠንካራ መጽሐፍ ብቻ አንብብ ብባል የፕሮፌሰር ታደሰ ታምራትን እመርጣለሁ፤ ከ1270 እስከ 1527 ስላለው ቤተክርስቲያንና መንግሥት በ1972 በእንግሊዝኛ ያሳተሙት ነው። የግርጌ ማስታወሻው ያስፈራል፤ መጀመሪያ ዝለሉት፤ ሁለተኛ ጊዜ ስታነቡ ከጽሑፉ ይልቅ ግርጌው ይጣፍጣችኋል። እንግሊዝኛው ለሚከብደው ከተክለ ጻድቅ መኩሪያ መጻሕፍት መጀመር ይሻላል። አማርኛቸው ቀላል ነው፤ ለተማሪ እንዲሆኑ ተብለው የተጻፉ ናቸው።

5. ጽሑፉን በዓይነቱ ለዩት

ጤፍ ስትገዙ ሰርገኛውን ከማኛው ትለያላችሁ አይደል? እዚህም እንደዚያው ነው።

ዜና መዋዕል የንጉሥ ሥራ የተመዘገበበት ነው። የዐምደ ጽዮን ጦርነት ታሪክ ከዚህ ይመደባል። ጸሐፊው የንጉሡ ሰው ስለሆነ የንጉሡን ሽንፈት ከእሱ አትጠብቁ። የዘመቻ መንገድ፣ የቦታ ስም፣ የጦር ስም ግን ጥሩ አድርጎ ይሰጣችኋል።

ገድል የቅዱስ ሕይወት ነው። ዓላማው ማስተማርና ማመስገን ነው። ገድለ ላሊበላ የተጻፈው ንጉሡ ካረፈ ከ200 ዓመት ገደማ በኋላ ነው። ንቦች ሕፃኑን ከበቡት፣ እናቱም «ንብ ንግሥናውን አወቀ» አለች የሚለውን ሁላችንም እናውቃለን። ያንን «እውነት ነው ወይስ ውሸት?» ብላችሁ አትጠይቁ፤ የትም አያደርሳችሁም። በገድሉ ጎን ያለውን ትንሹን ነገር እዩ፤ ሰው ምን ይበላል፣ ማን ለማን ይገብራል፣ ጉዞው ስንት ቀን ይፈጃል። ጸሐፊው ሊያሳምናችሁ ያልሞከረው ነገር ብዙውን ጊዜ የሚታመነው ነው።

ሦስተኛው ለእኔ ወርቁ ነው፤ የኅዳግ ጽሑፍ። ድሮ ውል ሲዋዋሉ፣ መሬት ሲሰጡ፣ ዕቃ ሲቆጥሩ ባዶ ብራና አባክነው አይጽፉም ነበር። በወንጌሉ ኅዳግና ባዶ ገጾች ላይ ይጽፉታል፤ በቅዱስ መጽሐፍ ላይ የተጻፈን ማን ይክዳል? ኤርትራ ውስጥ ያለው የሽመዛና ደብረ ሊባኖስ ወንጌል ላይ የራሱ የላሊበላ የመሬት ስጦታ ይገኛል። ይህ ከ200 ዓመት በኋላ የተጻፈ ገድል አይደለም። «ጐለትኩ» ይላል፤ ጉልት (ግብር የሚሰበሰብበት መሬት) አድርጌ ሰጠሁ ማለት ነው። ሕያው ሰው ሲናገር ትሰሙታላችሁ።

ግእዝ አልችልም ብላችሁ አትሸማቀቁ። ፊደሉን ታውቁታላችሁ፤ ዓለም ላይ ስንት ተማሪ ለዚህ ብቻ ዓመት ይፈጅበታል። «ነግሠ፣ ሞተ፣ ገብረ፣ ምድር፣ ንጉሥ» ብላችሁ ብትጀምሩ ግማሹ ቤታችሁ ያለ ቃል ነው። በቀን አምስት ቃል በቂ ነው።

አማርኛም ቢሆን ድርሻ አለው። ለዐምደ ጽዮን፣ ለአፄ ይስሐቅና ለሌሎች ነገሥታት የተገጠሙ የጦር ግጥሞች ከጥንታዊዎቹ የአማርኛ ጽሑፎች ናቸው። ብታነቡት ግማሹ አይገባችሁም፤ የገባችሁ ግማሽ ግን ደስ ይላል። የዛሬ 600 ዓመት የነበረ አዝማሪ በሩቅ ሲጮህ መስማት ነው።

6. የሌላውን ወገን ስሙ

አንድ ወገን ብቻ ያነበበ ሰው ዘመኑን አንብቤያለሁ ሊል አይችልም። የይፋትና የአዳል ሱልጣኖች ታሪክ የጠላት ታሪክ ሆኖ በደጋው ዜና መዋዕል ጫፍ ላይ ብቻ ከቀረባችሁ ግማሽ አገር ጎደላችሁ። አል-ዑመሪና አል-መቅሪዚ የተባሉ የግብፅና የሶርያ ጸሐፊዎች በ14ኛውና በ15ኛው ክፍለ ዘመን ስለ ኢትዮጵያ እስላማዊ መንግሥታት ጽፈዋል። ለ16ኛው ክፍለ ዘመን ደግሞ ፉቱሕ አል-ሐበሻ የተባለው የዐረብኛ መጽሐፍ አለ። ጸሐፊው ሺሃብ አድ-ዲን አሕመድ፣ ዐረብ ፈቂህ የሚባለው፣ የኢማም አሕመድ ወገን ነው፤ የዘመቻውን ታሪክ በዝርዝር ይነግራል።

እንዴት አጣምሮ ማንበብ እንደሚቻል አንድ ቦታ ልስጣችሁ፤ መካነ ሥላሴ። በቤተ አምሐራ የነበረ ቤተክርስቲያን ነው። አፄ ናዖድ አስጀመሩት፣ ልጃቸው ልብነ ድንግል ጨረሱት። በ1520 የመጣው የፖርቱጋሉ ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬስ አገሪቱ ውስጥ ስድስት ዓመት ሲቆይ ይህን ቤተክርስቲያን አይቶ ጽፎለታል። ከዚያ በ1531 የኢማሙ ጦር ደረሰ። ዐረብ ፈቂህ ሲተርክ ሰዎቹ ገብተው ወርቁንና ጌጡን ሲያዩ እንደተደነቁ ይናገራል፤ ኢማሙ እንዲህ ያለ ሕንፃ በሮም አገር ወይም በሕንድ አለ ወይ ብለው እንደጠየቁም ይጽፋል። ቀጥሎ ተቃጠለ።

አንዱ ካቶሊክ ቄስ፣ አንዱ ሙስሊም ፈቂህ። አንዱ እንግዳ ሆኖ ገባ፣ የሌላው ወገን በጦር ገባ። አይተዋወቁም፤ አንዱ የሌላውን አላነበበም። ሁለቱም ግን ያ ቤት ድንቅ ነበር ይላሉ። ተቃራኒ ሰዎች ሲስማሙ እርሳሳችሁን አንሱና አስምሩበት። ዛሬ የቀረው ፍርስራሽ ነው፤ ግን ሁለቱን ጽሑፍ ጎን ለጎን አስቀምጣችሁ ስታነቡ ጣሪያው ተመልሶ ይቆማል።

አልቫሬስ ላሊበላንም አይቷል። ስለ ውቅር አብያተ ክርስቲያናቱ ከጻፈ በኋላ «ከዚህ በላይ ብጽፍ የሚያምነኝ አላገኝም» ብሎ ፈርቶ የጻፈው እውነት መሆኑን በእግዚአብሔር ስም ይምላል። እኔ ከመጽሐፉ ሁሉ ይህችን ቦታ እወዳታለሁ።

ዘርአ ያዕቆብ ላይም ይህንኑ አድርጉ። ንጉሡ በራሱ ወገን ጽሑፍ የሃይማኖት ጠባቂ ነው። ደቂቀ እስጢፋኖስ በሚባሉት መነኮሳት ገድሎች ውስጥ ግን አሳዳጅ ነው። የእነሱን ታሪክ ጌታቸው ኃይሌ ወደ አማርኛ መልሰውታል፤ ልብ ጠንከር አድርጋችሁ አንብቡ።

7. ሄዳችሁ ንኩት

ጽሑፍ ብቻ ያነበበ ሰው የዘመኑን ስፋት አይረዳም። የኪስ ነገር እንዳለ አውቃለሁ፤ መንገዱም ሁልጊዜ ክፍት አይደለም። ከቻላችሁ ላሊበላ ስትሄዱ ይምርሐነ ክርስቶስን አትዝለሉ። ከከተማው ወጣ ብሎ ዋሻ ውስጥ ያለ ቤተክርስቲያን ነው። እንጨትና ድንጋይ በተራ እየተነባበረ የተሠራበት ዘዴ የአክሱም ነው። አክሱም «ወደቀች» ከተባለ ስንት መቶ ዓመት በኋላ የአክሱም እጅ እዚያ ዋሻ ውስጥ ይሠራል። አዲስ አበባ ላለ ሰው የትክል ድንጋዮቹ ቦታ ጥያ የአንድ ቀን ደርሶ መልስ ነው፤ ስለ ድንጋዮቹ ዜና መዋዕልም ገድልም የለም፤ ያለው የተቀረጸ ሰይፍና ሌላ ምልክት ነው። ድሬዳዋ አቅራቢያ ሃርላ ላይ ደግሞ አርኪዮሎጂስቶች የ12ኛውን ክፍለ ዘመን መስጊድና ከሩቅ አገር በንግድ የመጡ ዶቃዎች አውጥተዋል። ስድስት ኪሎ ያለው የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም ሙዚየምና ቤተ መጻሕፍትም ለግማሽ ቀን ይበቃል።

ገዳም ስትሄዱ አባቶችን በትሕትና ጠይቁ። «አባ፣ ይህን ታሪክ ከየትኛው መጽሐፍ አገኙት?» በሉ። «አባ፣ ይሄ እኮ ልክ አይደለም» አትበሉ። እኔ ብዬ አውቃለሁ። መልሱ ዝምታ ነበር፤ መጽሐፉም ሳይታየኝ ተመለስኩ።

8. ስልካችሁ ላይ ስላለው ታሪክ

ቲክቶክና ዩቲዩብ ላይ የመካከለኛው ዘመን ሞልቷል። አንዳንዱ ጥሩ ነው። አብዛኛው ግን የዛሬን ጠብ የድሮ ልብስ አልብሶ የሚያቀርብ ነው። ማጣሪያዬ አጭር ነው። ተናጋሪው «ጽሑፉ እንዲህ ይላል» ሲል የቱ ጽሑፍ፣ መቼ የተጻፈ እንደሆነ ካልነገረኝ አልፈዋለሁ። የዛሬን ብሔር ስም እንዳለ ወስዶ የ14ኛው ክፍለ ዘመን ሰው ግንባር ላይ ከለጠፈ በፍጥነት አልፈዋለሁ። «የተደበቀው ታሪክ!» ካለ ደግሞ ቪዲዮው ሳይጀምር ወጥቻለሁ።

ቴሌግራም ላይ የሚዞሩ ፒዲኤፎች ብዙውን ጊዜ ገጽ የጎደላቸው ናቸው፤ የደራሲም ላብ አለበት፤ ከተቻለ ግዙ። የመብት ጊዜያቸው ያለፈ የቆዩ እትሞች በነፃ የሚነበቡባቸው የዲጂታል ቤተ መጻሕፍት አሉ። የብራናዎቹ ነገር ደግሞ ይገርማል። ከ1970ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ በሺህ የሚቆጠሩ የኢትዮጵያ ብራናዎች በማይክሮፊልም ተነስተው ቅጂያቸው አሜሪካ፣ ሚኒሶታ ውስጥ ሂል በሚባለው የብራና ቤተ መጻሕፍት ተቀምጧል፤ ጌታቸው ኃይሌም ለብዙ ዓመታት ካታሎጉን ሲሠሩ የኖሩት እዚያ ነው። ዛሬ ብዙዎቹን ተመዝግቦ በኢንተርኔት በነፃ ማየት ይቻላል። ለንደን ያላችሁም በ1868 ከመቅደላ የተወሰዱት ብራናዎች ያሉበት የብሪታንያ ቤተ መጻሕፍት ቅርባችሁ ነው።

እኔም አንድ ማታ እንደዚያ ተመዝግቤ የአንድ ወንጌል ገጾችን ስገላልጥ ኅዳጉ ላይ ደቃቅ ጽሑፍ አየሁ። አጎላሁት። ከሰባቱ መስመር የገባኝ ሁለት ቃል ነው፤ አንደኛው «ጐለትኩ»። በደስታ እናቴ ጋ ደወልኩ። ቃሉን ስነግራት፣ «ጉልት? እሱንማ አያትህ ሲገብሩበት አይቻለሁ እኮ» አለችኝ። ከዚያ አንድ ሰዓት ሙሉ ስለ አያቴ መሬት አወራችልኝ፤ እኔም ስልኩን በትከሻዬ ይዤ ደብተሬ ላይ አዲስ ገጽ ከፍቼ የዕለቱን ቀን ጻፍኩ፤ ከሥሩም፦ ማን ነገረኝ፣ መቼ የሆነ፣ ከስንት ዓመት በኋላ።